ጡረተኛ ሰው ስምንት መቶ ፈረስ ምን ይሠራለታል?

የዛሬው ጨዋታችን ከወትሮው ለየት ይላል። በየጊዜው የሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅርና የኩርፊያ ናቸው፤ ይኼኛው ግን የመኪና ነው። የመኪና ነው ስላችሁ ታዲያ እንዳትንቁት፤ የገንዘብም ነው፣ የዕድሜም ነው፣ የቤተሰብም ነው።

የጻፈችልን የ27 ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ስሟን እንዳላነሳ አደራ ብላኛለችና አደራዋን እጠብቃለሁ። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ የእናቴ ወንድም ነው። አሜሪካ ከገባ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ልጅ የለውም። እኔንና ሁለት ወንድሞቼን ያስተማረን እሱ ነው። ሁላችንም ጡረታ ሲወጣ ለእናታችን ቤት ይገዛላታል ብለን ስንጠብቅ፣ በቀደም ደውሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የስፖርት መኪና ልገዛ ነው፤ ያውም ተራ እንዳይመስልሽ፣ ሞተሩ የተሻሻለ ነው!› በ67 ዓመቱ! እማዬ ይህንን ስትሰማ ‹ወንድሜን አስነኩብኝ› ብላ ለቅሶ ጀምራለች። አንተ ስለ መኪና ታውቃለህ ይባላል። እባክህ አንድ ነገር በለው።»

እውነት ነው፣ መኪና እወዳለሁ። 12ኛ ክፍል ጨርሼ እንደወጣሁ ብዙ ቀን የዋልኩት ጋራዥ ውስጥ ነው። ግን የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ነውር ስለሆነ የአጎቷን ስልክ ተቀበልኩና ደወልኩላቸው። ሰውየው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖሩት። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው፤ የተነካ ሰው ድምፅ አይደለም። «ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እኔ የሰው መኪና ሳቆም ነው ያረጀሁት» አሉኝ። «ዋሽንግተን፣ ኬ ስትሪት ላይ ካለ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ተቀብያለሁ። ጠዋት ጠበቃው ይመጣል፣ ቁልፉን ይሰጠኛል፣ ሃምሳ ሜትር ነድቼ አቆምለታለሁ። ማታ ሃምሳ ሜትር ነድቼ አወጣለታለሁ። ዓለም ላይ ጥሩ ከሚባለው መኪና በእጄ ያላለፈ የለም። አንዱንም ግን ከሁለተኛ ማርሽ በላይ አስገብቼው አላውቅም። ገባህ?»

ገባኝ። እናንተስ አልገባችሁም? እኔ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውየውን «መኪናውን ይተዉት» ለማለት አንደበቴ እምቢ ብሏል። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ ሆነ። ይግዙ ወይስ አይግዙ ሳይሆን፣ የትኛውን ይግዙ?

ሦስት መኪኖች በወረቀት ላይ ጽፈው ይዘዋል። አንደኛው ሼልቢ ያሻሻለው ፎርድ ሙስታንግ፣ ሁለተኛው ካላዌይ ያሻሻለው ሼቭሮሌ ኮርቬት፣ ሦስተኛው አንድ ደላላ «የሩፍ ነው» ያላቸው አሮጌ ፖርሽ።

ለመሆኑ «የተሻሻለ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ እኛ ከተማ ዲኤክስ ኮሮላ አውርደው፣ ቸርኬውን ቀይረው፣ ማርሚታውን አስወጥተው ሰፈር የሚያሸብሩ ልጆች አሉ አይደል? ሐሳቡ ያው ነው። ልዩነቱ በአሜሪካና በጀርመን ይህንን ሥራ በወግ የያዙት፣ የራሳቸው መሐንዲስና ስም ያላቸው ድርጅቶች መኖራቸው ነው። ፋብሪካው የሠራውን መኪና ወስደው ሞተሩን ያጎለብታሉ፣ ሞላውንና አሞርዛተሩን ይለውጣሉ፣ ፍሬኑን ያጠነክራሉ።

ሞተር የሚጎለብተው እንዴት ነው? ሞተር አየርና ቤንዚን ደባልቆ ነው የሚያቃጥለው። ብዙ አየር ካስገባህለት ብዙ ቤንዚን ያቃጥላል፤ ጉልበቱም ይጨምራል። አየሩን በግድ የሚያስገቡበት መንገድ ሁለት ነው። ቱርቦ የሚሽከረከረው በጭሱ ግፊት ነው፤ ሱፐርቻርጀር የሚሽከረከረው ደግሞ ከራሱ ከሞተሩ በሚመጣ ቺንጋ ነው። ታዲያ ጉልበት በነፃ አይመጣም። ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ይጨነቃል፣ የኋላ ጎማ ቶሎ ያልቃል፣ ቤንዚኑም ውዱ ዓይነት መሆን አለበት።

እነዚህን አሻሻዮች እንደ ሰፈር ጋራዥ አትዩአቸው። ዛሬ መርሴዲስ ላይ የምታዩት «ኤ ኤም ጂ» የሚለው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1967 ሁለት ጀርመናውያን መሐንዲሶች የከፈቱት የአሻሻይ ቤት ስም ነበር። በኋላ መርሴዲስ ራሱ ገዛው። ባቫሪያ ውስጥ ያለው ሩፍ ደግሞ በ1981 በጀርመን መንግሥት ዘንድ እንደ መኪና ፋብሪካ ተመዘገበ። በ1987 ያወጣው ቢጫ መኪና አንድ የአሜሪካ መጽሔት ባደረገው ሙከራ በሰዓት 339 ኪሎ ሜትር ሄዶ የታወቁትን ሁሉ ጉድ አደረጋቸው።

አሜሪካም ወደኋላ አላለችም። ካላዌይ የሚባለው የኮነቲከት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ሁለት ቱርቦ የገጠመለትን ኮርቬት በራሱ በሼቭሮሌ ሻጮች በኩል ማዘዝ ይቻል ነበር። በ1988 «ስሌጅሐመር» ያሉትን አንድ ኮርቬት ከኮነቲከት እስከ ኦሃዮ የሙከራ ሜዳ ድረስ እንደማንኛውም መኪና በመንገድ ነድተው ወሰዱትና በሰዓት 410 ኪሎ ሜትር ገደማ አስመዘገቡበት። ሬዲዮና አየር ማቀዝቀዣው እንኳ አልተነቀለም።

የሼልቢ ታሪክ ደግሞ ለጡረተኛ የሚሆን ነው። ካሮል ሼልቢ ዶሮ አርቢ የነበረ የቴክሳስ ሰው ነው። በ1959 ፈረንሳይ ውስጥ የሚካሄደውን የለማን የ24 ሰዓት ውድድር ከባልደረባው ጋር አሸነፈ። በማግስቱ ዓመት በልብ ሕመም ምክንያት እሽቅድምድም አቆመ። ሐኪም «በቃህ» ሲለው ግን ቤቱ አልተቀመጠም፤ መኪና ማሻሻል ጀመረ። በ1965 ጂቲ 350 የተባለውን ሙስታንግ አወጣ። በ1990 ልቡ በሌላ ሰው ልብ ተተክቶለት፣ እስከ 89 ዓመቱ ኖሮ በ2012 ሞተ። አጎታችን ይህን ሲያወሩልኝ ድምፃቸው ተለወጠ። «ልቡ ታሞ እሱ እንዲህ ከሠራ፣ እኔ ጤነኛው ለምን ዶሚኖ ላይ እቀመጣለሁ?» አሉኝ።

ሦስቱን እንያቸው

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ።

ከፖርሹ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም አደገኛው እሱ ነው። አደገኛ ያልኩት በፍጥነቱ አይደለም፣ በወረቀቱ ነው። ሩፍ ከፖርሽ ባዶ አካል ወስዶ ራሱ የገጠማቸው መኪኖች የራሳቸው የሻንሲ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ በ«ደብሊው 09» ይጀምራል። የፖርሽ ፋብሪካ የሠራው ግን በ«ደብሊው ፒ 0» ነው የሚጀምረው። ባለቤቱ በኋላ ሩፍ ዘንድ ወስዶ ያሠራው ከሆነ የፖርሽ ቁጥሩን እንደያዘ ይቀራል፤ ይህም ክብር አለው፣ ግን ወረቀት ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ አንድ ሰው የሩፍ ቸርኬና የሩፍ ጽሑፍ ገዝቶ የለጠፈበት ነው። ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። በዋጋ ግን ሰማይና ምድር ናቸው፤ ቢጫዎቹ የ1980ዎቹ ሩፎች በሐራጅ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠዋል።

«ደላላው የሻንሲ ቁጥሩን አሳየዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ የለም፤ ፎቶ ነው ያሳየኝ።»

«ወረቀትስ?»

«በኋላ ይመጣል ብሎኛል።»

ደላላ የትም አገር ደላላ ነው ወገኖቼ! «በኋላ ይመጣል» የተባለ ሊብሬ ይዞ የመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሩፉን ከዝርዝሩ ሰረዝነው።

ወደ ኮርቬቱ ስንመጣ ነገሩ የከበረ ነው። እስከ 2019 በተሠራው፣ ሞተሩ ከፊት በሆነው ኮርቬት ላይ ካላዌይ ሱፐርቻርጀር እየገጠመ የተራውን ጉልበት ወደ 627፣ የዚ 06ን ደግሞ ከ650 ወደ 757 አድርሶታል። ካላዌይ የሠራበት ወረቀት ያለው ኮርቬት በደላላ ወሬ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ችግሩ ግን ወንበሩ ሁለት ብቻ ነው፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። የሚገባበት ሰው ቁጭ አይልም፣ ይወድቃል። ሲወጣ ደግሞ ክንድና ጉልበት ይፈልጋል።

ሙስታንጉ ላይ አንድ ነገር ልለይላችሁ፤ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነው። «ሼልቢ» የሚል ጽሑፍ ያለው ሙስታንግ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱን ፎርድ ራሱ በፋብሪካው ሠርቶ የሼልቢን ስም ሰጥቶታል፤ ለምሳሌ ከ2020 እስከ 2022 የወጣው 760 የፈረስ ጉልበት ያለው ጂቲ 500። ሌላው ደግሞ ተራው ሙስታንግ ላስ ቬጋስ ወዳለው የሼልቢ ድርጅት ተወስዶ የተሻሻለው ነው፤ እሱ የሼልቢ መለያ ቁጥር ያለው ታርጋ ይለጠፍበታል፣ ቁጥሩም በድርጅቱ መዝገብ ይያዛል። አጎታችን የፈለጉት ይኼኛውን፣ «ሱፐር ስኔክ» የሚሉትን ነው። በ2024 ሞዴል ላይ የተሠራው ከ830 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው። ከፋብሪካው ሲወጣ ያው መኪና 480 ነበር፤ እሱም ቢሆን ለተከበረ ሰው የሚያንስ አልነበረም!

ዋጋ ማለት ሻጩ የሚነግርህ ብቻ አይደለም

ወጣቶች ሆይ፣ ይህቺን ክፍል በደንብ አንብቡ፤ ነገ እናንተም አባት ትሆናላችሁ።

አጎታችን ገንዘቡን ያስቀመጡት «ፎር ኦ ዋን ኬ» በሚባለው የጡረታ ቁጠባ ውስጥ ነው። ከ59 ዓመት ተኩል በኋላ ስለሆነ የሚያወጡት የ10 በመቶው ቅጣት አይነካቸውም። ግብሩ ግን አልቀረም። በተለመደው ዓይነት ሒሳብ የተቀመጠ ገንዘብ ሲወጣ እንደ ደሞዝ ተቆጥሮ ግብር ይከፈልበታል። የመኪናውን ዋጋ በአንድ ዓመት ጠቅልለው ቢያወጡት የዓመቱ ገቢያቸው ከፍ ይልና ግብሩም ወደ ከፍተኛው እርከን ሊወጣ ይችላል። ይህ ብቻ አይደለም። የአረጋውያን የሕክምና መድን፣ ሜዲኬር የሚሉት፣ ወርኃዊ ክፍያውን የሚተምነው ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ገቢ ነው። ዘንድሮ ለመኪና ብለው ብዙ ካወጡ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሕክምና ክፍያቸው ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፣ መኪናውን ከማየታቸው በፊት የግብር ባለሙያ አይተው ገንዘቡን በሁለት በሦስት ዓመት ከፋፍለው እንዲያወጡ ነው።

ሁለተኛ፣ ቨርጂኒያ መኪና ሲገዛ 4.15 በመቶ የሽያጭ ግብር ትወስዳለች። በዚያ ላይ ከተማው ወይም ካውንቲው በየዓመቱ የመኪናውን ዋጋ እየገመተ የንብረት ግብር ያስከፍላል። ውድ መኪና ያለው ሰው በየዓመቱ ውድ ግብር አለበት፤ መኪናው ቆሞ ቢውልም!

ሦስተኛ ኢንሹራንሱ። ተራ የመኪና ኢንሹራንስ መኪናው ቢጠፋ ወይም ቢጋጭ የሚከፍለው የዕለቱን የገበያ ዋጋ ነው። ለማሻሻያው ያወጣኸውን፣ ቀድመህ ካላሳወቅህና ካላስመዘገብህ፣ ላያይልህ ይችላል። ለዚህ ዓይነት መኪና የሚሻለው «የተስማማንበት ዋጋ» የሚባለው ውል ነው፤ አንተና ኢንሹራንሱ ከመጀመሪያው ዋጋውን ትፈራረማላችሁ፣ አደጋ ሲመጣ ክርክር የለም። ይህ ውል ታዲያ ብዙ ጊዜ «በየቀኑ ሥራ አትሂድበት፣ ጋራዥ ውስጥ አሳድረው» የሚል ግዴታ አለው። ለጡረተኛ ይስማማል።

አራተኛ ዋስትናው። «መኪናውን ከነካካህ የፋብሪካው ዋስትና ይሰረዛል» ሲባል ሰምታችኋል። አሜሪካ ውስጥ በ1975 የወጣ ሕግ አለ፤ በዚያ ሕግ መሠረት ፋብሪካው የሌላ ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋስትናውን ሊሰርዝ አይችልም፤ ብልሽቱ የመጣው በተገጠመው ዕቃ መሆኑን ማሳየት አለበት። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሱፐርቻርጀር ተገጥሞ ሞተሩ ቢነድ፣ ዕቃው እንዳነደደው ለማሳየት ብዙ ድካም የለውም። ለዚህ ነው አሻሻዩ የራሱን ዋስትና በጽሑፍ የሰጠበትን መኪና መምረጥ ያለብህ።

አምስተኛ ምርመራው። የእኛው ቦሎ እዚያም አለ። በሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ። ከጭስ ማውጫው ላይ ዕቃ የተነቀለበት መኪና ምርመራውን ሊወድቅ ይችላል። ያገለገለ የተሻሻለ መኪና የሚገዛ ሰው ማን እንደሠራው የሚያሳየውን ደረሰኝ፣ ከቻለም የተነቀለውን የፋብሪካ ዕቃ አብሮ ይጠይቅ።

መንገዱስ የት አለ?

«ለመሆኑ የት ሊነዱት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። የኔ ሐሳብ እዚህ ጋ ነው የተለወጠው።

ቨርጂኒያ ውስጥ በአውራ ጎዳና ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 70 ማይል፣ ማለትም 113 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ85 ማይል፣ ወይም 137 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በላይ የነዳ ሰው ቅጣት ከፍሎ አይሄድም፤ ወንጀል ነው። እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። ከተፈቀደው በ20 ማይል መብለጥም ያው ነው። ፖሊስ የሚያሳብቅ የራዳር መጠቆሚያ መያዝም በዚያ ክፍለ ሀገር ክልክል ነው። ስለዚህ ስምንት መቶው ፈረስ ሥራ የሚያገኘው የት ነው? ምዕራብ ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባል የእሽቅድምድም ሜዳ አለ፤ ገንዘብ ከፍሎ ከአስተማሪ ጋር መንዳት ይቻላል። ጥሩ ነገር ነው፣ እንዲያውም እንዲህ ዓይነት መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ቢማርበት እመክራለሁ። ዕድሜ ሲገፋ እጅና እግር እንደ ድሮው ፈጥኖ አይታዘዝም፤ ዝናብ የዘነበበት አስፋልት ላይ ስምንት መቶ ፈረስ የኋላ ጎማ ብቻ ሲገፋ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም።

አጎታችን ግን ሜዳውን አልነገሩኝም። ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ስካይላይን ድራይቭን ታውቀዋለህ? ሸናንዶዋ ተራራ ላይ ያለውን? ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን፣ ከላይ ሆነህ ሸለቆውን ስታየው አገር ቤት ያለህ ይመስልሃል። እዚያ ነው ባለቤቴን ይዤ መሄድ የምፈልገው።»

ስካይላይን ድራይቭ 169 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የተራራ ጫፍ መንገድ ነው። 62 ዓመት የሞላው የአገሩ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የዕድሜ ልክ ማለፊያ ይዞ ይገባበታል። የሚፈቀደው ፍጥነት ስንት ነው? በሰዓት 35 ማይል! ሃምሳ ስድስት ኪሎ ሜትር!

አያችሁት? ሰውየው የሚያልሙት መንገድ ሃምሳ ስድስት ነው፣ ሊገዙ ያሰቡት መኪና ስምንት መቶ ሠላሳ ነው። በሃምሳ ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ ሰው የሚያጣጥመው ጉልበት አይደለም። የሞተሩን ድምፅ ነው፣ የመሪውን ክብደት ነው፣ ኩርባው ላይ መኪናው ሳይንገዳገድ መዞሩን ነው፣ ማርሹን በእጁ መለወጡን ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሳቅም እዚያው ውስጥ ነው።

የባለቤታቸው ድምፅ

«እሳቸው ምን አሉ?» ብዬ ስለ ባለቤታቸው ጠየቅኩ። ስልኩን ሰጡልኝ። እትዬ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ጡረታ አልወጡም፤ ቀኑን ሙሉ ሰው አንስተው ሰው ሲያስቀምጡ ጉልበታቸው ታሟል።

«ልጄ፣ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው» አሉኝ። «የሁለታችን ገንዘብ ነው፤ ይግዛ። ሠላሳ ዓመት አንድ ነገር ለራሱ ሲገዛ አላየሁትም። ግን ጎንበስ ብዬ ገብቼ በክሬን የምወጣበት ከሆነ፣ ብቻውን ይዙርበት!»

እኔ ዳኛ ብሆን ፍርዱ እዚህ ጋ አልቆ ነበር። ኮርቬቱ ተሰረዘ።

እንግዲህ የኔ ምርጫ

የቀረው ሙስታንግ ነው። ከመሬት ከኮርቬቱ ከፍ ይላል፣ በሩ ሰፊ ነው፣ ከኋላ ዕቃ የሚቀመጥበት ትንሽ ወንበር አለው፣ የፎርድ መካኒክ ደግሞ በየከተማው አለ። ሱፐር ስኔኩ ግን ይቅር።

ሚቺጋን ውስጥ ራውሽ የሚባል ሌላ አሻሻይ አለ። ሙስታንግን በደረጃ ነው የሚሠራው። እስከ 2023 በወጣው ሞዴል ላይ ሱፐርቻርጀር የሚገጠመው ደረጃ ሦስት ላይ ነው። ደረጃ ሁለት ላይ ሞተሩ የፎርድ እንደሆነ ይቀራል፤ የሚለወጠው ሞላውና አሞርዛተሩ፣ ቸርኬው፣ መልኩ ነው። እነዚህ መኪኖች በፎርድ ሻጮች በኩል ስለሚሸጡ ወረቀታቸው ይገኛል። እኔ ለአጎታችን የምመርጠው ያገለገለ ደረጃ ሁለት ራውሽ ሙስታንግ ነው፤ ያውም በእጅ የሚለወጥ ስድስት ማርሽ ያለው፣ የግራ ጉልበታቸው ፍሪሲዮኑን የሚችል ከሆነ። ሱፐርቻርጀር የለም፣ ተጨማሪ ሙቀት የለም፣ ሞተሩ ሲበላሽ «ማን አበላሸው?» የሚል ክርክር የለም። ዋጋው ከሱፐር ስኔክ በብዙ ያንሳል፤ ስለዚህ የሚያወጡት ያንሳል፣ ግብሩ ያንሳል፣ ኢንሹራንሱም ያንሳል። ኩርባው ላይ ግን ያው የሠለጠነ መኪና ነው።

ከመግዛታቸው በፊት ደግሞ ሙስታንግ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ይከራዩ። ሁለት ሰዓት ይንዱት፣ ሁለት ሰዓት እትዬን አስቀምጠው ይንዱት። ወገብ ያላለቀሰበት መኪና ይገዛል።

ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ደረጃ ሁለት? ጓደኞቼ ስንት ፈረስ አለው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

«ጓደኞችዎ አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቁዎት» አልኳቸው። «እርስዎ ግን አሥር ዓመት ነው የሚነዱት።»

ዝም አሉ። ከዚያ «እስቲ ላስብበት» ብለው ዘጉ። እስከዛሬ አልገዙም፤ ኪራዩን ግን ለመሞከር ቀን ቆርጠዋል።

ለአንቺ ደግሞ እህቴ

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ደብዳቤውን የጻፍሽልን እህት። አጎትሽን አንድ ነገር ጠይቄያቸዋለሁ። «ለአገር ቤት ሰዎች ቃል የገቡት ነገር አለ ወይ?» አልኳቸው። «አለ» አሉኝ፤ «የትንሹን ልጅ የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ክፍያ። እሱን ለብቻ አስቀምጫለሁ። ቤት ግን ለማንም ቃል ገብቼ አላውቅም።»

ይህ ለሁለታችሁም መነጋገሪያ ነው። ቃል የተገባ ነገር ዕዳ ነው፤ ከመኪና በፊት ይከፈላል፣ እሳቸውም ይህን አውቀውታል። ሳይነገር በልብ የተጠበቀ ነገር ግን ዕዳ አይደለም፤ ምኞት ነው። ብዙዎቻችን ውጭ ያለ ዘመድ ጡረታ ሲወጣ ደስ የሚለን ለእኛ ገንዘብ የሚመጣ መስሎን ነው። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ከምድር ቤት ሳይወጣ ሦስት ልጅ አስተምሯል። አንድም ቀን «ለአንተስ ምን ተረፈህ?» ብለን ጠይቀነዋል?

«ቢያንስ ሲበቃው እዚህ ይላከው» የምትይ ከሆነም አትድከሚ። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ቢገባስ የሰፈራችሁን ጉብታ በምኑ ያልፈዋል?

እናትሽን እንዲህ በያቸው፦ ወንድምዎ አልተነኩም። የሚያስፈራው ዕድሜ የሚጠይቀውን ሳያውቁ ጉልበት የሚጠይቀውን መግዛት ነበር፤ እሱን ተነጋግረንበታል። የቤቱን ጉዳይ ደግሞ እህትና ወንድም በስልክ፣ ያለ ኩርፊያና ያለ ለቅሶ፣ በግልጽ ይነጋገሩበት። ምናልባት ከመኪናው የተረፈው ለአንድ ነገር ይበቃል፤ ምናልባት አይበቃም። የሚወስኑት ግን የደከሙት ሰው ናቸው።

ለአጎታችን ደግሞ ከዚህ ገጽ አንድ መልእክት አለኝ። ጥቅምት ሳያልፍ ሸናንዶዋ ላይ ሲደርሱ፣ ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡ። መንገዱ ፈቅዶ ከሆነ አራተኛም ያስገቡ።

ውድ አንባብያን፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ዘመዳችሁ ጡረታውን ለራሱ ደስታ ቢያውለው ትከፋላችሁ ወይስ ትመርቁታላችሁ? ጻፉልኝ። ቸር ሰንብቱ!